ከዓደን እስከ አሽፋ፤ የ1858 ዓ.ም. እንግዶች በአገው ምድር

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስና ስለ እንግሊዝ መንግሥት ጠብ የተጻፉት ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ ከመቅደላ ተነሥተው መቅደላ ላይ ያርፋሉ። አምባው፣ መድፉ፣ ሽጉጡ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦርና የተዘረፈው ቅርስ የጸሐፊውንም የአንባቢውንም ዓይን ስለሚስቡ፣ ነገሩ የተቋጠረበት ሥፍራ ከትረካው ጠርዝ ላይ ወድቆ ቀርቷል። ያ ሥፍራ አገው ምድር ነው፤ ዛሬ የአዊ ዞን የሚባለው፣ እንጅባራና ዳንግላ ያሉበት አገር። ጥር 21 ቀን 1858 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ እሑድ፣ የአስተርዮ ማርያም በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ከቀይ ባሕር ማዶ የመጡ ሦስት የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኞች አሽፋ በተባለ ቦታ ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረቡ። ከዚያች ዕለት ወዲህ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ ነገሩ በጦርነት፣ በንጉሥ ሞትና በአምባ ቃጠሎ ተደመደመ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ፣ እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

መልእክተኞቹ የመጡት ከለንደን ሳይሆን ከዓደን ነበር። ይህ በቸልታ የሚታለፍ ነጥብ አይደለም። ዓደንን የእንግሊዝ ጦር በጥር 1831 በኃይል ከያዛት ጀምሮ የምትተዳደረው ከቦምቤይ ነበር። ያችን ውሃ የጠማት የእሳተ ገሞራ ዐለት የፈለጓት ለምርቷ አልነበረም፤ በስዌዝና በቦምቤይ መካከል ለሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦች የድንጋይ ከሰል ማከማቻ እንድትሆን እንጂ። የሕንድ ወታደር፣ የሶማሌ ወዛደር፣ የዐረብ ነጋዴ፣ አይሁዳዊ የእጅ ባለሙያና የፓርሲ ባለ ሱቅ በአንድ ጠባብ ከተማ ተፋፍገው ይኖሩባት ነበር። የሚበላው በግ እንኳ ባሕር ተሻግሮ ከበርበራ ይመጣል። የአደባባዩን ሕይወት የሚያንቀሳቅሰው የፖስታ መርከብ ነው፤ መርከብ ሲገባ ትእዛዝ ይገባል፣ መርከብ ሲወጣ ሪፖርት ይወጣል። ረዚደንት የሚባለው ሹም ለቦምቤይ ይጽፋል፣ ቦምቤይ ለለንደን ይጽፋል፣ ለንደን ያስብበታል። በእንዲህ ያለ ቢሮ ውስጥ የአንድ ደብዳቤ ወራት መዘግየት ማንንም አያስደነግጥም። በቴዎድሮስ ሰፈር ግን ለተላከ ደብዳቤ መልስ መንፈግ ንቀት ነበር፤ ንቀትም በዝምታ የሚታለፍ ነገር አልነበረም።

የመልእክቱ መሪ ሆርሙዝድ ራሳም ራሱ አስገራሚ ሰው ነው። ትውልዱ እንግሊዛዊ አልነበረም፤ በቱርክ ግዛት በሞሱል ከተማ ከምሥራቅ ክርስቲያኖች ወገን የተወለደ ሰው ነበር። በወጣትነቱ የነነዌን ፍርስራሽ ከሚቆፍሩት እንግሊዞች ጋር ሠርቶ፣ በ1853 እ.ኤ.አ. የአሦሩን ንጉሥ የአሹርባኒፓልን ቤተ መንግሥት አገኘ። ከዚያ ከወጡት የሸክላ ጽላቶች መካከል ኋላ የጊልጋሜሽ ታሪክ የተነበበባቸው ይገኛሉ። ይህ የጥንት ታሪክ ቆፋሪ በ1854 እ.ኤ.አ. በዓደን አስተዳደር ተቀጥሮ፣ ዐረብኛ አዋቂነቱና ትዕግሥቱ ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርገውት፣ የረዚደንቱ ረዳት ለመሆን በቃ። ከእርሱ ጋር የተመደቡት ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክና ሌተና ዊልያም ፕሪዶም በዓደን ያገለግሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እንግሊዝ ለአንድ ነፃ መንግሥት ንጉሥ የላከችው የታወቀ አምባሳደር ሳይሆን የአንድ ከሰል ጣቢያ ሹማምንትን ነበር ማለት ነው። ይህን ቴዎድሮስ በምን ያህል እንደ ተረዱት ለመናገር ያስቸግራል፤ ለንደን ግን አሳምራ ታውቀው ነበር።

የጠቡ መነሻ ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረ እዚህ ባጭሩ ይበቃል። በጥቅምት 1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጽፈው፣ በቱርክ ላይ ያላቸውን ቁጭት ገልጠው፣ ወደ ለንደን መልእክተኛ ለመላክ መንገድ እንዲመቻችላቸው ጠየቁ። ደብዳቤው በቆንስል ቻርልስ ዳንካን ካሜሮን በኩል ተልኮ ለንደን ደረሰ፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም ተቀብሎ ዝም አለ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ፖለቲካ ከቱርክና ከግብፅ ጋር ነበር፤ የአንድ ደገኛ ክርስቲያን ንጉሥ ጥያቄ ለዚያ ፖለቲካ እንቅፋት እንጂ ጥቅም አልነበረውም። ካሜሮን በበኩሉ ወደ ሱዳን ወሰን ወርዶ፣ ቴዎድሮስ ጠላቶቼ ከሚሏቸው ሰዎች ዘንድ ቆይቶ፣ መልስ ሳይዝ ተመለሰ። በታኅሣሥ 1856 ታሰረ። መልስ የተጻፈው ይህ ከሆነ በኋላ፣ ግንቦት 19 ቀን 1856 ነው። የአንድ መንግሥት ብዕር የተንቀሳቀሰው ብረት ሲጮህ መሆኑ ነው።

ራሳም ያችን ደብዳቤ ይዞ በሐምሌ 1856 ምጽዋ ወረደ። በምጽዋ ወበቅ 15 ወር ያህል ጠበቀ፤ ወደ ላይ ይጽፋል፣ መልስ የለም። ቀደም ሲል በለንደን የተናቀው ንጉሥ አሁን በተራው እንግዳውን ደጅ ያስጠና ነበር። በመጨረሻ ፈቃዱ ሲመጣ፣ በሰሜን ዐመፅ ስለ ነበር በመተማ በኩል እንዲገባ ታዘዘ። ጥቅምት 6 ቀን 1858 ከምጽዋ ተነሥቶ፣ በከሰላ አድርጎ፣ ኅዳር 13 ቀን መተማ ደረሰ። ታኅሣሥ 20 ቀን ከመተማ ወጥቶ በወህኒ በኩል ወደ ደጋው ዘለቀ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ከጣና በስተ ምዕራብ ወደ ደቡብ ያመራል።

የመንግሥት እንግዳ በባላባታዊው ሥርዓት እንዴት እንደሚጓዝ አንባቢ ያውቃል። እንግዳው ስንቅ አይዝም፤ ድርጎው ከሚያድርበት መንደር ይወጣል። ጓዙን የሚሸከመው የራሱ አገልጋይ ሳይሆን የየአገሩ ገበሬ ነው፤ ያንዱ አገር ሰው እስከ ወሰኑ ተሸክሞ ለሚቀጥለው ያስረክባል። እንጀራው፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ ሙክቱ፣ የበቅሎው ገብስ ሳይቀር በቤት ቁጥር ይደለደላል። እንግሊዞቹ በኋላ በጻፏቸው መጻሕፍት ንጉሠ ነገሥቱ በመንገድ ስላደረጉላቸው ቸርነት በሰፊው አትተዋል። የቸርነቱ ዋጋ ከማን ጎተራ እንደ ወጣ ግን ቁጥር የያዘ የለም፤ ድርጎ አውጪው ደረሰኝ አልተቀበለም።

ቴዎድሮስ በዚያ ወራት በአገው ምድርና በዳሞት ምን ያደርጉ ነበር? የጎጃሙ ተድላ ጓሉ አልገብርም ብሎ ስለ ሸፈተ ለዘመቻ ወርደው ነበር። ዘመኑ የንጉሠ ነገሥቱ ኃይል እያሽቆለቆለ የሄደበት ነው። በሰኔ 1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ሸዋን ይዟል፤ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ ተነሥቷል፤ በሰሜን ወልቃይት ጢሶ ጎበዜ አለ። ግብር የሚመጣበት አገር ሲጠብብ፣ ሠራዊቱ የሚበላው አገርም አብሮ ይጠብባል። የዚያን ዘመን ሠራዊት ሲሰፍር ደግሞ ወታደር ብቻ አይደለም የሚሰፍረው፤ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ስንቅ አብሳዩ፣ ካህኑ፣ አንጥረኛው፣ እስረኛው ሁሉ ይከተላል። በአንድ ሜዳ ላይ በአንድ ቀን የሚቆም ከተማ ነው። የሚኖረውም ከሰፈረበት አገር እህልና ከብት ነው። ዐመፅ የተነሣበት አገር ሲሆን ደግሞ ዘረፋው እንደ ቅጣት ይቆጠራል፤ ዐመፁን ያነሣው መስፍን አምባው ላይ ተቀምጦ፣ ቅጣቱ ከታች ያለውን ገበሬ ያገኘዋል።

አገው ምድር ከጥንት ጀምሮ ለእንዲህ ያለው ሰፈር የተመቸች አገር ነበረች፤ መመቸቷም ዕዳዋ ሆነ። ሰባቱ ቤት አገው፣ ባንጃ፣ አንከሻ፣ አዘና፣ ኳኩራ፣ ቻራ፣ ዚገምና መተከል፣ በፈረሳቸው፣ በማራቸውና በከብታቸው የታወቁ ናቸው። በ1763 ወደ ግሽ ዓባይ የሄደው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ የጎንደር ከተማ የምትበላው ቅቤ፣ ማርና ከብት በብዛት ከአገው እንደሚመጣ ጽፎ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ጎንደር ሲሆን አገው ይመግባል፤ ቤተ መንግሥቱ ድንኳን ሆኖ ሲዞርም አገው ይመግባል።

ስለ አገው ምድር የጻፈ የውጭ አገር ሰው ብሩስ ብቻ አይደለም። ቻርልስ ቤክ የተባለ እንግሊዛዊ ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. ጎጃም ውስጥ ተዘዋውሮ፣ ከአውኚ ቋንቋ ቃላት ሳይቀር ሰብስቧል። ከራሳም 60 ዓመት በኋላ ደግሞ ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ዳንግላ ላይ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ተቀመጠ። የዓባይን ሸለቆ ከጣና እስከ ሱዳን ወሰን ድረስ በበቅሎ አፋፍ አፋፉን እየሄደ በካርታ ላይ አሰፈረ። ዳንግላ ላይ ቆንስላ የተከፈተው ለዳንግላ ሲባል አልነበረም፤ ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 በፈረሙት ውል ውስጥ የተጠቀሰው የጣናና የዓባይ ውሃ ነበር የሚፈለገው። ዓደን ለከሰል፣ ዳንግላ ለውሃ! እነዚህ ሁሉ ጽፈዋል፤ ብሩስ በአምስት ቅጽ፣ ራሳም በሁለት ቅጽ፣ ብላንክም ቺዝማንም በየፊናቸው። በእኛ ወገን የአለቃ ዘነብና የአለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕሎች አሉ፤ እነርሱም የንጉሥ ታሪክ ናቸው። በአውኚ የሚናገረው ገበሬ፣ እንግዳና ንጉሥ በአንድ ወር ሲያርፉበት ምን እንዳለ የሚገልጥ አንዲት ቅጠል እንኳ አልተጻፈለትም። የታሪክ ምንጭ የሚባለው ነገር ራሱ ወገን እንዳለው ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል።

ወደ አሽፋ እንመለስ። ራሳምና ጓደኞቹ በክብር ነበር የተቀበሏቸው። ቴዎድሮስ የንግሥቲቱን ደብዳቤ ተቀበሉ፤ ቀጥሎም ያዘሉትን ቅሬታ ሁሉ ዘረዘሩ። ካሜሮን ወደ ጠላቶቻቸው መሄዱን፣ መልስ ሳያመጣ መመለሱን፣ ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን ስለ እርሳቸው የጻፈውን፣ ከአቡነ ሰላማ ጋር ያላቸውን ጠብ ተናገሩ። በእንግሊዞቹ መጽሐፍ ይህ እንደ ቁጣ ተጽፏል። ነገሩን በአገሩ ባህል ለሚያየው ሰው ግን አቤቱታ ይመስላል፤ የተበደለ ሰው በሽማግሌ ፊት በደሉን አንድ በአንድ የሚቆጥርበት ሥርዓት። ቴዎድሮስ ያጡት ሽማግሌውን ነበር። ፊታቸው የቆመው ሰው የመፍረድም የመካስም ሥልጣን አልነበረውም፤ የታዘዘው እስረኞቹን አስፈትቶ እንዲመለስ ብቻ ነው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ለንግሥቲቱ ሲሉ ምሕረት ማድረጋቸውን አስታወቁ፤ እስረኞቹ ከመቅደላ እንዲለቀቁም ትእዛዝ ወጣ። ለራሳም ሳሙኤል የተባለ ባልደረባ ተመደበለት፤ ጠገራ ብርም ተሰጠው። ያ ብር ሲሰጥ የተቀባዩን እጅ እንደሚያስር ከሞሱል የመጣው ራሳም ሳይገባው የቀረ አይመስልም፤ እምቢ ማለት ግን የሚቻል አልነበረም።

ሰፈሩ ተነቅሎ ወደ ጣና ጉዞ ተጀመረ። እንግዶቹ ከሠራዊቱ ጋር ጥቂት ቀናት ከተጓዙ በኋላ፣ የካቲት 8 ቀን በታንኳ ተሻግረው ቆራጣ ገቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ዘጌ ሰፈሩ። መጋቢት 4 ቀን ካሜሮን፣ ስተርንና ሌሎቹ እስረኞች ከመቅደላ ወርደው ቆራጣ ደረሱ። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

አላለቀም። ከአሽፋ ጀምሮ ሲብላላ የቆየው ጥያቄ አሁን ገሃድ ወጣ፤ እስረኞቹ ከሄዱ በኋላ እንግሊዝ ምን ታደርጋለች? በአንድ በኩል ቀደም ብሎ የተጠቀሰው ቤክ የእስረኞቹን ዘመዶች ልመና ይዞ ምጽዋ መጥቶ ስለ ነበር፣ የርሱ ደብዳቤ መድረስ ከራሳም ሌላ ሁለተኛ መልእክተኛ ያለ አስመሰለ። በሌላ በኩል ቴዎድሮስ የሚፈልጉት ነገር ምንጊዜም አንድ ነበር፤ መሣሪያ የሚሠራ እጅ። በጋፋት የሰፈሩት የአውሮፓ ባለ እጆች ቁጥራቸው ጥቂት፣ ችሎታቸውም የተወሰነ ነበር። ለሦስት ዓመት ሲጠባበቁ የኖሩት ንጉሥ አሁን በእጃቸው ያለውን አንድ መያዣ ቢለቁ ባዶ እጃቸውን እንደሚቀሩ ገመቱ። ግምታቸው ስሕተት አልነበረም፤ የመረጡት መንገድ ግን ከዚያ በኋላ የሚመለስ አልሆነም።

ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ሳምንት ዓርብ፣ ራሳም፣ ብላንክና ፕሪዶ ለስንብት ዘጌ ሲገቡ ተያዙ። ወደ መተማ መንገድ የጀመሩት እስረኞችም ተመለሱ። (የአጋጣሚ ነገር ሆኖ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የገደሉት ልክ በሁለተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ነው። ዜና መዋዕል ጸሐፊ ቢሆን ይህን ሳያነሣው አያልፍም ነበር።) በዚያው ወር ማርቲን ፍላድ የተባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ፣ ሚስቱንና ልጆቹን በመያዣነት ትቶ፣ ባለ እጆች እንዲላኩ የሚጠይቀውን ደብዳቤ ይዞ ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ።

ቀጥሎ ወረርሽኝ መጣ። በክረምቱ መግቢያ በጣና ዳር በሰፈረው ሕዝብ ላይ የኮሌራ በሽታ ገባ። ያን ያህል ሕዝብ ባንድ ውሃ ዳር ለወራት ሰፍሮ ከዚህ መዳን አይቻልም ነበር። ሰፈሩ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጋፋት ተነሣ። እንግዶቹ ሐምሌ 6 ቀን መቅደላ ወጡ፤ ሐምሌ 10 ቀን እግራቸው በብረት ታሰረ። ጥር ላይ እስረኛ ሊያስፈታ አሽፋ የገባው የዓደን ሹም፣ ሐምሌ ላይ ራሱ ሊያስፈታቸው ከመጡት ሰዎች ጋር ባንድ አምባ ታስሮ ነበር።

ነሐሴ 9 ቀን ፍላድ ኦዝቦርን በተባለው ቤተ መንግሥት ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ። ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። በለንደን የባለ እጆቹ ቅጥር ይታሰብ ጀመር፤ በዓደንም ረዚደንቱ ኮሎኔል ሜሪዌዘር ለቦምቤይ መጻፉን አላቋረጠም። ይኸው ሰው በኋላ የናፒየርን ጦር መንገድ ሊጠርግ ዙላ ላይ ከወረዱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ይሆናል። ዘመነ ማርቆስ ተፈጽሞ ዘመነ ሉቃስ ሲገባ፣ እንግዶቹ መቅደላ ላይ በብረት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በበጌምድር፣ ፍላድ በባሕር ማዶ ነበሩ። ንጉሡን ወደ አገው ምድር ያወረዳቸው ተድላ ጓሉ ደግሞ ጎጃም ውስጥ እንደ ሸፈተ ነበር። ጥር ላይ ከአገው መንደሮች የወጣው ድርጎና የተነዳው ከብት ግን አልተመለሰም።